የነስሩ ቮልስ አዲስ መሪ

የሃምሳ ስምንት ሞዴሏ ቮልስ አርባ ዓመት ሊሞላት ሲል መሪዋ ተሰነጠቀ። ነስሩ ግን «እኔ ቆሜ ጋራዥ አትገባም!» አለ። ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር የሚኖረው ጓደኛው ሙነወር የዚያኑ ዘመን መሪ አገኘለት፤ ነስሩም እስከሚኖርበት ዙሪክ ድረስ ባቡር ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎት መጣ።

ቪዲኮን ሰፈር፣ ሜዳ በሆነው ደጃፋቸው፣ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ቀጥ አድርጎ ገጠመው። ሚስቱ ሰዓዳ «ጎማውን አይተኸዋል?» ብትለው፣ «ደሴ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ።

አብረው ወጡ። ቮልሷ ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ወደ ጎን ተጋደመ። ነስሩ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ መሪውን ያያል። ሰዓዳ አልሳቀችበትም።

«ደሴ ቁልቁለት ላይ ስታቆም ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ታዞር ነበር። ዛሬም እንዳዞርከው ነው መሪውን የገጠምከው» አለችው።

ነስሩ ቤት ሲደርሱ ጎማውን አቅንቶ መሪውን እንደገና ገጠመው። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ልክ ሆኗል። ደስ ብሎት አቆመና፣ ሞተሩን ከማጥፋቱ በፊት ጎማውን ወደ ጠርዙ አዞረ።

ሰዓዳም ወርዳ፣ ቁልቁለት ላይ እንደቆሙ ሁሉ፣ ከደጃፉ አበባ ሥር ድንጋይ አነሳችና ለኋላው ጎማ ታኮ አደረገችለት።