የጋሼ ውቤ ሁለት በርሜሎች

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ምናለሽ ተራ የሚሸጥ አሮጌ በርሜል ሁሉ በጋሼ ውቤ እጅ ያልፍ ነበር። ጋሼ ውቤ አጭር ናቸው። በርሜል አጠገብ ሲቆሙ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው በርሜሉን ነው፤ ይህም ለንግድ ይጠቅማል ይላሉ። አባታቸው አጭር ነበሩ፣ አያታቸውም እንዲሁ፤ አንድያ ልጃቸው ብርሃኔም ከዘሯ አልወጣችም።

ብርሃኔን አሸብር የሚባል የአብነት ሰፈር ጨርቅ ነጋዴ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ ሀብተ ወልድ እንደ ወጉ ቆመው የመጡበትን ከተናገሩ በኋላ ጋሼ ውቤን ወደ ጓሮ ወሰድ አደረጓቸው።

«የልጁን እናት አንድ ነገር ከንክኗቸዋል» አሉ። «ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ባለሙያ ናት። ቁመቷ ግን... አጥንት ከሆነ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይላሉ። አጥንት ካልሆነ ሠርጉ ነገ ቢሉ ነገ ነው።»

ከጓሮው በር ሥር የብርሃኔ የነጠላ ጫፍ ይታያል። ልጅቷ ቆማ እየሰማች ነው።

«አጥንት አይደለም» አሉ ጋሼ ውቤ። «ምግብ ነው። ፍጡር የሚረዝመው በምግብ ነው። ጊዜ ስጡኝና አሳያችኋለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማሳየት ግድ ሆነ። በሰው እንዳያሳዩ ሃያ ዓመት ይፈጃል። በርሜል የሚገዛቸው አብዱልሰላም የሚባል ሾፌር ከዝዋይ ዓሣ ያመላልስ ነበርና «የአንድ እናት ልጆች፣ ከነነፍሳቸው» ብለው አዘዙት። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ልጆቹን በአፉ ይዞ ነው የሚያሳድገው። አብዱልሰላም የአንዷን አፍ አስከፍቶ ሠላሳ ልጆቿን ውሃ በያዘ ጣሳ አራገፈና አመጣ። በዘር በኩል ለክርክር ቦታ አልቀረም፤ መርካቶ ውስጥ የእነዚያን ዓሦች ያህል እናቱ በምስክር የተረጋገጠችለት አልነበረም።

ጋሼ ውቤ ዓሦቹን እኩል ከፍለው በሁለት በርሜል ጨመሩ። ለቀኙ ጠዋትና ማታ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ ለግራው በሦስት ቀን አንድ ቁንጥር። ሚስታቸው እትዬ ቦሰና ከጥቅምት እስከ ግንቦት ተቆጡ።

«ምን ባደረጉህ ነው እነዚህን በረሃብ የምትቀጣ?»

«ችሎት ላይ ናቸው» አሉ ጋሼ ውቤ። «ችሎት ከቆሙ አንዱ ወገን ይጎዳል።»

በግንቦት ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው በርሜሎቹን ከበቡ። ከቀኙ በወንፊት የወጣው ዓሣ መዳፍ ይሞላል። ከግራው የወጣችው ጣት አታህልም፤ ወንፊቱ ላይ አፏን ስትከፍት ግን ደቃቅ ልጆች ተበተኑ።

«ይቺ ወልዳለች» አሉ አቶ ሀብተ ወልድ። «ዕድሜዋ ደርሷል፣ የቀረባት ቁመቷ ብቻ ነው። እናታቸው አንድ ናት፤ እንዳሉት ምግብ ነው።»

ጋሼ ውቤ በጣም ደስ አላቸው። ደስታቸው የቆየው አቶ ሀብተ ወልድ ጢማቸውን እስኪያሻሹ ነው።

«ታዲያ አቶ ውቤ፣ ይህችን ልጅ ምን አብልተው ነው ያሳደጓት?»

ሰባት ወር ሙሉ ይህን አላሰቡትም ነበር። ብርሃኔ በዚያ ቤት አንድ ቀን ርቧት አያውቅም። ወተቷ በኮንትራት ይመጣል፤ የቅዳሜ ሥጋዋን ራሳቸው ተሸክመው ይገባሉ፤ እሷ ሳትጎርስ ጎርሰው አያውቁም። ውቤ ቤት የገባ ሳይበላ አይወጣም ይባላል። ያንን ስም ከበርሜሎቻቸው ሁሉ ይወዱት ነበር። አሁን በላች ካሉ አጥንት ነው፤ አጥንት ከሆነ ደግሞ አሸብር የለም።

እትዬ ቦሰና ሊናገሩ ሲሉ ጋሼ ውቤ በዓይናቸው አስቆሟቸው።

«ሰስቼ ነው» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ስስታም ነኝ። ለበርሜል መግዣ እያልኩ ከልጄ አፍ ቀንሻለሁ። እንጀራ ቆጥሬ ነበር የምሰጣት።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከመካከላቸው አንዱ በዚያው ቤት ብዙ ጊዜ ጠግቦ ወጥቷልና ግራ ገባው። «ስስትስ በዘር ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ።

አቶ ሀብተ ወልድ አሰቡ። «ለእሱ የተያዘ በርሜል የለም» አሉና ተነሡ።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ቦሰና ለግራውም በርሜል ፋጉሎ ይጨምሩ ጀመር፤ ጋሼ ውቤም አልከለከሉም። ወሬው ግን ሠርጉን ቀደመ፤ ከሲኒማ ራስ እስከ አማኑኤል ውቤ ቆንቋና ተባሉ። ለሠርጉ ሁለት ሰንጋ ጣሉ። እድምተኛው «ዛሬስ እጁ ተፈታ» እያለ በላላቸው።

ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል የአባቷን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አለች። እንባዋ ሱሪያቸውን አረጠበው።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ ጠግቤ ነው ያደግሁት።»

ጋሼ ውቤ ጎንበስ ብለው ራሷን ሳሙ።

«ዝም በይ» አሏት። «ይሰሙሻል።»