በአውሮፕላን የመጣ መርዶ

ቢሻውን ያጋለጠው ጉራው ነው፤ ሌላ ማንንም አይውቀስ።

የመጣው የአብሮ አደጉን የደሳለውን መርዶ ይዞ ነበር። ደሳለው በዋዜማው አዲስ አበባ በድንገት ሞቷል። እዚያ ያሉ የአገሩ የፎገራ ልጆች፣ እናቱ ከመንገደኛ አፍ እንዳይሰሙ ብለው አዋጡና ቢሻውን በአውሮፕላን ሰደዱት። ጧት ተነሥቶ ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር ወረደ። ከዚያ በጭነት መኪና ሐሙሲትን አልፎ ወረታ፣ ከወረታ ደግሞ በእግሩ ቁሐር ሚካኤል ገባ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

መጀመሪያ የሄደው የሟቹ አጎት አያ አያልነህ ዘንድ ነው። እሳቸውም ወጉን አስታወሱት፤ መርዶ አመሻሽ ላይ አይነገርም፣ እናት ብቻዋን ሳለች አይነገርም፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ነው። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቁት።

ምን ያደርጋል፣ ከግቢው ሲወጣ ጎረቤት ያሉት እትዬ ይርገዱ ከበራቸው ቆመው አዩት። የደሳለው እናት ናቸው። እጁን ይዘው አስገቡት፤ እርጎ አቀረቡለት፤ ልጃቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቁት። ደህና ነው አለ። ድሮ ቢሆን ይኸ ይበቃ ነበር። ካዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እየተንገላታ፣ መንገድ ላይ እያደረ ስለሚደርስ፣ ስለየው ደህና ነበር ቢል ማን ያፋጥጠዋል? የመንገዱ ርዝመት ራሱ ይሸፍነው ነበር።

ቢሻው ግን፣ የማያርፍ፣ በምን መጣህ ሲሉት አላስቻለውም። ከሐዘኑ የሚሸሽበት ወሬ ያገኘ መስሎት፣ ጣናን ከላይ እንዳየው፣ አዲስ አበባ ቁርሱን በልቶ ምሳ ሳይደርስ ባሕር ዳር እንደወረደ ዘረገፈው።

የእትዬ ይርገዱ ፊት በራ። "እንግዲያ ዛሬ ጧት አይተኸዋላ። ምን አለህ?"

ቢሻው እርጎውን አየ። ቸኩሎ እንደወጣ፣ እንዳልተገናኙ ቀባጠረ። ደሳለው ደግሞ ወዳገር የሚመጣ ሰው እያለ ለእናቱ ሻሽ ወይ ስኳር ሳይልክ ቀርቶ አያውቅም። ከፎገራ ልጅም ለጥየቃ ብሎ አውሮፕላን የተሳፈረ የለም። እትዬ ይርገዱ በበሩ በኩል ወደ አያ አያልነህ ግቢ ተመለከቱ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሲገቡ ይታያል።

"ለነገ ጧት ነው ያሉህ?"

ቢሻው አንገቱን ደፋ።

"ተው፣ አትንገረኝ" አሉት። "በወጉ ይነገረኝ። ለዛሬ እንኳ ልጄ በሕይወት ይደርልኝ።"

እርጎውን እንዲጨርስ አዘዙት፤ ጨረሰው።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ፣ ግቢው ተጠርጎ፣ ለለቀስተኛ የሚሆን ቁርበት ተነጥፎ አገኙት። አያ አያልነህ ልብ አላሉም። እንደ ወጉ ጀመሩ፤ እትዬ ይርገዱም ገና ያን ጊዜ እንደሰማ ሰው ጮኸው ደረታቸውን መቱ።

ከሠልስቱ በኋላ አያ አያልነህ ቢሻውን ምስጢር ጠባቂ ልጅ ነው ብለው በሰው ፊት አመሰገኑት። ቢሻው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ የመመለሻ የአውሮፕላን ትኬቱ ኪሱ ውስጥ እያለ በመኪና ሄደ፤ መንገድ ላይ እያደረ።