ሳሮ ሰው የለመደ ዕለት

አሳየሽ ውሻውን ከተዘጋው ወፍጮ ቤት አውጥታ ወደ ግቢዋ ያመጣችው አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለወፍጮው ማሽኑን ነቅሎ ከሶዶ ሲሄድ ውሻውን አንገቱ ላይ ካለው ሽቦ ጋር ትቶት ሄደ። ማሽን ይሸጣል፣ ውሻ ማን ይገዛል? ሁለት ወር ሙሉ ከቆርቆሮው አጥር ኋላ ሲያላዝን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ሰምቶም አልፏል። አንዳንዱ የደረቀ ቂጣ ከአጥሩ በላይ ይወረውርለታል፣ አንዳንዱ ድንጋይ። አሳየሽ ግን የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ በዚያ በኩል በቀን ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች፤ ሰምቶ ማለፍ አልሆነላትም። ይህ ደግነቷ ነው። በኋላ የመጣው ሁሉ ከደግነቷ መጣ ብሎ የሚያማት ሰው አለ፣ እኔ ግን አልቀበልም። የመጣው ከሌላ ነገር ነው።

ሽቦው ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። በፒንሳ ስትቆርጥለት ዞሮ ክንዷን ነከሳት፤ ሁለት ጥርስ፣ ከክርኗ ዝቅ ብሎ። አልጮኸችም። ነጠላዋን ጠቀለለችበትና ውሻውን በገመድ እየሳበች ቤቷ ገባች፤ ከጓሮ እንሰቱ አጠገብ አሰረችውና በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሞኝ ሴት አይደለችም።

ሐኪሙ ክንዷን ሩብ ሰዓት ያህል በሳሙና አሳጠባት። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያው መርፌ ግን አልቆ ነበር።

«ከሳምንት በኋላ ይመጣል ተብሏል፤ አንቺ ግን አትጠብቂ፣ ነገውኑ ሐዋሳ ሂጂ» አላት። «ውሻውን ደግሞ እንዳትገድሉት። እሰሩትና አስር ቀን እዩት። አስሩን ቀን በጤናው ከጨረሰ አንቺም ነፃ ነሽ። ካልበላ፣ ካልጠጣ፣ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ በዚያው ሰዓት ነይ።»

«ጠባዩ ሲለወጥ እንዴት ነው?»

«ገሩ ክፉ ቢሆን፣ ክፉውም ገር ቢሆን ሁለቱም አንድ ነው፣ ቲቸር። ከትናንቱ ሌላ ሆኖ ካገኘሽው ታሟል በይ።»

ሐዋሳ አልሄደችም። ሰኞ ፈተና ይጀመራል፣ ጥያቄውን ማን ያባዛል? ይህ ለራሷ የነገረቻት ምክንያት ናት። እውነተኛው ምክንያት ወንድሟ ጦና ነበር። ጦና ቤቱ ከእሷ አጥር ጋር የተያያዘ፣ ለእህቱ የሚሞት፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። ውሻውን እየጎተተች ስትገባ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ «አንድ ሰው የነከሰ ቀን በመጥረቢያ ነው የምለው፣ እንዳታኮርፊኝ» ብሏት ነበር። ለሐዋሳ ስትነሳ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀም ውሻው አያድርም። በዚያ ላይ፣ እንናገር ከተባለ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ተይ» እያላት አምጥታው በመጀመሪያው ቀን ተነከስኩ ማለት ሞት መሰላት። ስለዚህ ረጅም እጅጌ ለበሰች። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት በየዓመቱ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው ራሷ ናት።

ውሻውን ሳሮ አለችው። በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው፤ እሱ ግን ሰላም የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ከእንሰቱና ከግንቡ መሀል ባለችው ጨለማ ቦታ ራሱን ይወትፍና ኮቴ በሰማ ቁጥር ያጉረመርማል። የበቆሎ ገንፎውን በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ታደርግለታለች፤ እሷ ገብታ በሩን ካልዘጋች አይነካውም። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምታየው ሳህኑን ነው። ባዶ ሲሆን፣ ውሃውም ሲጎድል፣ «ተመስገን፣ ሁለት ቀን… ተመስገን፣ ሦስት ቀን» ትላለች። ስታመሰግን ለውሻው ይሁን ለራሷ ነፍስ አታውቀውም።

ማላመዱንም በትዕግሥት ያዘችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዱካዋን አውጥታ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች፤ የፈተና ወረቀት ታርማለች፤ ዞራ አታየውም፣ አትጠራውም። በየቀኑ ዱካዋን አንድ አንድ ስንዝር ወደ እሱ ታስጠጋለች። አንድ ስንዝር ካለፈች ጥርሱን ያሳያታል፤ እሷም መልሳ ትርቃለች። ስድስተኛው ቀን ላይ አሁንም ጥርሱን ያሳያት ነበር። ቁስሏ ደግሞ እየጠገገ ይሁን በሌላ ምክንያት ይበላት ጀመር። በእጅጌው ላይ እያከከች ታርማለች።

ረቡዕ ዕለት ጦና በአጥሩ በኩል እንደ ዋዛ አንድ ወሬ ጣል አደረገላት። «ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ባለፈው ወር ሁለት ጥጃ የነከሰች እብድ ውሻ ገድለው ነበር አሉ። ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም» አለች፤ እጇ ግን ሳታዝዘው እጅጌዋን ጨመደደ።

«ጥጆቹም ሞቱ» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

በዚያን ቀን ቦርሳዋን አንጠልጥላ እስከ መነኸሪያው ደርሳ ነበር። የሐዋሳ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ይጣራል። ቆማ አየችው። አምስት ቀን አልፏል፣ አምስት ነው የቀረው፣ እየበላ ነው፣ እየጠጣ ነው ብላ አስባ ተመለሰች። ያን ረዳት ዛሬም ድረስ በሕልሟ ታየዋለች።

ስምንተኛው ቀን ቅዳሜ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍት ሳሮ ከጨለማው ወጥቶ፣ ገመዱን እስከ ጫፉ ወጥሮ ቆሟል። ጭራውን ይቆላል። አላመነችም። ሁለት እርምጃ ቀረበች፤ አላጉረመረመም። ተንበረከከች፤ መጥቶ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈና እጇን፣ ጣቶቿን፣ የእጅጌዋን ጫፍ ሳይቀር ላሳት። አሳየሽ አለቀሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ የተጠጋት ፍጡር የለም፤ ይህን ለማንም ባትናገረውም ውስጧ ያውቀዋል።

የሐኪሙ ቃል መጣባት፤ አልመጣባትም ብትል ትዋሻለች። «ክፉውም ገር ቢሆን» ያለው እንዳለ መጣባት። አባረረችው። ስምንት ቀን ሙሉ ስንዝር በስንዝር የሠራሁበት ነው፣ ዓይን ያለው ሰው ፍቅርንና በሽታን ይለያል አለች። እውነቷን ነው፣ ሠርታበታለች፤ ክፋቱም ይኸው ነው። ገንፎው ግማሹ ተርፎ ነበር፤ ጠግቦ ይሆናል አለች። የውሃው ሳህን እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ሌሊት ያካፋው ዝናብ ሞልቶት ይሆናል አለች። ሰው ራሱን ሲያታልል ዝናብ እንኳ አይጠፋለትም።

እሑድ ቸርች ውስጥ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እጇን አወጣች። አንድ ቀን ብቻ ነበር የቀራት። አንድ ቀን መታገሥ የማይችል ሰው አይደለችም፤ ደስታው ግን ከአፏ ሞልቶ ነበር። ማይኩን ይዛ ከሰው ሁሉ ፊት ቆመች። «ሰው የማይጠጋው አውሬ ነበር፤ ሰፈሩም 'ተይው' ብሎኝ ነበር። ጌታ ግን በስምንት ቀን ጠባዩን ለወጠው» አለች። ቤቱ በአሜንና በእልልታ ተናወጠ። ስለ ክንዷ አንድም ቃል አልወጣትም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ መልቀሙ ከሰዓት በኋላ መጣ።

የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪዋ ትርፌ ጎረቤቷም ጓደኛዋም ናት። ከቸርች ሲወጡ፣ «ይሄን የተለወጠ ውሻማ ሳናይ አናድርም» አለችና ቡድኑን ሁሉ አስከትላ መጣች። ትርፌን ጨምሮ አስራ አንድ ሴቶች ነበሩ፤ ትርፌ የስድስት ዓመት ልጇን ሜላትን ይዛለች። የትርፌ አማትም ጋሽ ዱባለ ዱላቸውን ተመርኩዘው ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ከጉኑኖ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር ነው የጨረሱት።

ሳሮ ሁሉንም ተቀበላቸው። ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተሽሎከለከ እጅ ይልሳል፤ ሴቶቹም «እዩት፣ እዩት» እየተባባሉ ያሻሹታል። ልብስ በማጠብ የተሰነጣጠቀውን የትርፌን መዳፍ ላሰ። ሜላት ቅዳሜ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷንም ላሰላት። ልጅቷ እየተኮረኮረች ትስቃለች። አሳየሽ ያንን ስታይ ልትከለክል እጇን ዘረጋች። ከዚያም ከሌሎቹ ጋር አብራ ሳቀች።

ጋሽ ዱባለ ከበሩ አልገቡም። ከዚያው ሆነው ያጮልቁ ነበር።

«አንቺ ልጄ» አሉ፣ ወንዱን ሴት በሚያደርገው የገጠር አማርኛቸው፣ «ይሄ ውሻ ውሃ ጠጥታለች?»

«ጠጥቷል፣ ጋሼ።»

«መቼ ጠጥታለች?»

አሳየሽ ዞራ ሳህኑን አየች። ሴቶቹ አሁንም እየሳቁ ነው። ጋሽ ዱባለ ሳቁን አልቆጠሩትም። «ስጪውና እንይ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሳህኑን ደፍታ አዲስ ውሃ ቀድታ አስቀመጠችለት። ሳሮ እየፈለገ መጣ። መጠማቱ በዓይኑ ያስታውቃል። አፉን ወደ ውሃው አወረደ። ጉሮሮው በአንድ ጊዜ ተኮማተረ፤ አንገቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከመንጋጋው ወፍራም ልጋግ ወርዶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተንጠለጠለ። ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ያው ሆነ። ከዚያ አሳየሽን እያየ ጭራውን ቆላ።

«ልጂቷን አንሺ» አሉ ጋሽ ዱባለ ለምራታቸው። «ሁላችሁም ዞር በሉለት።»

በዚያች ደቂቃ አሳየሽ ዝም ብትል ማንም ምንም አያውቅም ነበር። ታሞ ኖሯል፣ አላወቅንም፣ ጌታ ያውቃል ተብሎ ያልፋል፤ እሷም ከሁሉ እኩል ያልታደለች ሴት ትባላለች። አሰበችው። ከዚያ የግራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

ትርፌ ሁለቱን ጠባሳ አየች። «መቼ ነው?»

«የመጣ ዕለት። ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

«ሐኪም አየሽ?»

«አየኝ። አስር ቀን እይው አለኝ። ጠባዩ ከተለወጠ ነይ አለኝ። ክፉው ገር ቢሆንም ታሟል በይ አለኝ።»

«ይህን እያወቅሽ ነው ዛሬ ማይክ ይዘሽ የቆምሽው?»

«አዎ» አለች አሳየሽ።

አንዷ ሴት ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ፣ የሌላ ሰው እጅ የያዘች ያህል ታያቸዋለች። ጦና በአጥሩ በኩል ሁሉን ሰምቶ መጥቶ ነበር፤ መጥረቢያ አልያዘም፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ለሐዋሳ መኪና እየለመነ ነው። «ስንት ሰው?» ሲሉት ዞሮ ቆጠረ፤ እህቱን ከሌሎቹ ጋር ደመራትና «አስራ ሦስት፣ አንዷ ልጅ ናት» አለ።

«ታጠቡ» አለች አሳየሽ፤ ቢያንስ ይህን ታውቃለች። «በሳሙና፣ ሩብ ሰዓት፣ ሳታቋርጡ።» ሮጣ የግቢውን ቧንቧ ከፈተች። ውሃው ሲንዶቀዶቅ ሳሮ ከገመዱ ጫፍ ሆኖ ሰማውና እያላዘነ ገላው በሙሉ ተንዘፈዘፈ። ሴቶቹ ተሰለፉ። ሜላት ከእናቷ ክንድ ላይ ሆና፣ «ለምንድነው የሚያለቅሰው?» ብላ ጠየቀች።

አሳየሽ ከቤት አዲስ ሳሙና አወጣች፤ ወረቀቱን ልጣ ለትርፌ ዘረጋችላት። ትርፌ እጇን አልሰነዘረችም። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

«መሬት አስቀምጪው» አለቻት።

አሳየሽ ጎንበስ ብላ ሳሙናውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ራቅ ብላ ቆመች።