የማይማታው ባለጋሻ

የቦክስ አሰልጣኙ የሟች ልጁን መደርደሪያ በክንዱ ሲጠርገው ለቀስተኞቹ የቡና ስኒያቸውን እንደያዙ ክው ብለው ቀሩ። ትንንሾቹ አሻንጉሊቶች ወለሉ ላይ ተበታተኑ፤ ባለጦሩ፣ ባለክንፉ፣ ሁለት ራስ ያለው ዘንዶ፣ ቀስተኛዋ። አሰልጣኙ እግሩን አንስቶ ዘንዶውን በተረከዙ ደፈጠጠው። ፕላስቲኩ ቀጭ አለ። ቀጠለና ባለክንፉን ረገጠ።

«ጢም ያወጣ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል?» አለ እያለከለከ። «ልጄን የበላው ይሄ ነው! ድብድብ ያስተማረው ይሄ ነው! አባቱ ላይ እጁን እስኪያነሳ ያሳበደው ይሄ ነው!»

«ተው እንጂ አሰልጣኝ፣ ኧረ ተው» አሉ ሽማግሌዎቹ። ሊይዘው የተነሳ ግን አልነበረም። በቦክስ ጓንት ስንቱን ያነጠፈ ክንድ ነው፤ ማን ደፍሮ ይይዘዋል? ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት «ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለች፣ ዓይኗን ከስኒዋ ሳታነሳ።

የሟች ታላቅ እህት ተንበርክካ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። ፀጉር የምትሠራበትን ቤት ዘግታ፣ ከምትኖርበት ከተማ ሌሊቱን ተጉዛ ነው ለቀብሩ የደረሰችው። ቀስተኛዋን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ የአባቷ ጫማ ጣቶቿ ላይ አረፈ። ሳያይ የረገጣት መስሏት ቀና አለች። እያያት ነበር። ተረከዙን ትንሽ ጫን አደረገና አነሳው።

አልጮኸችም። በዚያ ቤት መጮህ ሌላ ምት እንደሚያስከትል ልጅ ሆና ነው የተማረችው።

እናትየው ከጥጉ ፍራሽ ላይ አልተነቃነቀችም። አንድ እጇ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ነበር። ከግራ ዓይኗ ሥር የጠቆረውን እብጠት ለቀስተኛው ሁሉ የለቅሶ አድርጎ አልፎታል። ለቅሶ አንድ ዓይን ብቻ አያሳብጥም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ማወቅ ጣጣ አለው።

ሟቹን ሠፈሩ ኩርኩም ይለው ነበር። ትምህርት ቤት ሳለ ልጆች አናቱን በኩርኩም ሲሉት «አመመህ?» ብሎ የመቺውን ጣት ስለሚያይ ነው። አድጎም ያው ነበር። የሞባይል ጥገና ሱቅ ነበረው። ስልኩን ሽንት ቤት ጥሎ «ዝናብ መታብኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣበት እንኳ «ከባድ ዝናብ ነበር ማለት ነው» ብሎ በጓንት ይቀበላል እንጂ ሰው አያሳፍርም።

የሚሰበስበው እነዚህን ጦረኞች ነበር። እግሩ የተሰበረ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ልጆች የጣሉት፤ ያገኘውን ያመጣል፣ ያጣብቃል፣ ይቀባል። ተራ አሻንጉሊቶች አልነበሩም። እያንዳንዱ እግር ሥር ቅንጣት የምታህል ቺፕ አለች። አሻንጉሊቱን ከጌም ማጫወቻው ጋር የተያያዘው ክብ መቀመጫ ላይ ሲያቆሙት፣ ጦረኛው ነፍስ ዘርቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ይልና በራሱ ይዋጋል። ከባለቤቱ ጋር በተጫወተ ቁጥር ደግሞ የባለቤቱን አመል ይቀዳል። ባለቤቱ ዘሎ የሚማታ ከሆነ እሱም ዘሎ ይማታል፤ ተንኮለኛ ከሆነም ከኋላ ይመጣል። የተማረው ሁሉ ቺፑ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ሌላ ሰው ቢገጥመው እንኳ የሚዋጋው እንዳስተማረው ሰው ነው።

ኩርኩም ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጋሻ የያዘውን፣ አጭሩንና ደንዳናውን ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማረው እሱን ነው።

አሰልጣኙ ደግሞ የሚያስተምረው ልጁን ነበር። ጋራዡ ውስጥ ትልቅ ጓንት ያጠልቅለትና «ምታኝ!» ይለዋል። ልጁ ሁለት ክንዱን ፊቱ ላይ አጥፎ ይቆማል። «ምታኝ እንጂ፣ አንተ ልፍስፍስ!» አፍንጫው ይፈሳል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ክንዱ ግን ከፊቱ አይወርድም። ሰውየው እዚህ ያልወጣለትን ንዴት ኩሽና ይዞ ይገባል። ያኔ ልጁ ደሙን እንኳ ሳይጠርግ ሮጦ እናቱ ፊት ይቆማል፤ እንደገና ክንዱን ያጥፋል። እህቱ ይህን ሁሉ በበር ስንጥቅ አይታዋለች።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። የቀሩት ሁለት ሴቶች ደጃፉ ላይ ጫማቸውን እየፈለጉ ያንሾካሹካሉ።

«መጀመሪያ የሰነዘረው ልጁ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«አባትየው ነዋ። ሰንዝሮ ሲስተው ደረጃው አንሸራትቶት ወደቀ ነው የሚለው።»

«እናቱስ አላየችም?»

«ኩሽና ነበረች ይላል።»

«አይ ልጅ! አባቱን ሊመታ ሲል ሞተ በይኛ።»

እህትየው ይህን ስትሰማ ያበጡት ጣቶቿ እንደገና ነደዷት። ወንድሟ የተቀበረው አንዴ ነው፤ ስሙን ግን ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር እየቆፈሩ ይቀብሩታል። የፖሊስ መርማሪው «ሐዘኑ ትንሽ ይብረድላቸው» ብሎ ለዛሬ አመሻሽ ቀጥሯል። እናቷ ዛሬ ኩሽና ነበርኩ ካለች፣ ነገሩ እዚያው ላይ ይዘጋል።

እናቷን ክንዷን ይዛ ወደ ኩርኩም ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች። እናትየው እጇን ከኪሷ አወጣች። መዳፏ ላይ ባለጋሻው ነበር።

«ሳይሰብረው ደበቅኩት» አለች።

ልጅቷ ተቀብላ አየችው። የጋሻው ጠርዝ ተሸራርፏል። ወንድሟ ሲያደርግ እንዳየችው ማጫወቻውን ከፈተችና ክቡ መቀመጫ ላይ አቆመችው። ባለጋሻው ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። ለራሷ ጌሙ ውስጥ ካሉት ያገኘችውን ጦረኛ መርጣ፣ ጆይስቲኩን በደህና ጣቶቿ ያዘችና ሰነዘረች።

ባለጋሻው ጋሻውን አነሳ።

ደገመችው። አሁንም ጋሻውን አነሳ። ከጎን ሄደችበት፤ ዞሮ ጋሻውን አነሳ። ጋሻው ሲላቀቅበት በክንዱ ከለለ። የወንድሟ አቋቋም ነው፤ አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ፣ ትከሻውን ሰብስቦ። መታችው፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ መታችው። እንዲመልስላት ፈለገች። አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ቢማታ ኖሮ እኮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። እንባዋ ስክሪኑን ጋረዳት፤ አዝራሩን እየደበደበች ጮኸች።

«ምታኝ! ምታኝ እንጂ!»

የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ጆይስቲኩ ከእጇ ወደቀ።

እናትየው ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቀረች። «አባትሽም እንደዚህ ነው ያለው» አለች በቀጭን ድምፅ። «ደረጃው ላይ። ልክ እንደዚህ እያለ ነው የመታው።»

«አየሽ እንዴ እማዬ?»

«ፀጉሬን ይዞ ደረጃው ላይ አወጣኝ። አምልጬው ወደ ታች ስሮጥ ልጄ ከሥራ ሲገባ ተገናኘን። አልፎኝ ወጣና መሃል ቆመ። ምታኝ ይለዋል፣ ይመታዋል። ምታኝ ይለዋል፣ ይመታዋል። ልጄ ክንዱን አጥፎ ቆሟል። 'አባባ በቃህ' ብቻ ነው ያለው። የመጨረሻው ምት አነሳው። ወደ ኋላ ሲወድቅ ኋላው እኔ ነበርኩ።» አፏን በእጇ አፈነች። «እላዬ ላይ እንዳይወድቅ አየር ላይ ተጣመመልኝ። ጭንቅላቱ የደረጃውን ጠርዝ ሲመታ ሰማሁት።»

ልጅቷ «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለች።

«ነገ እናንተ ስትበተኑ እዚህ ቤት ከሱ ጋር የማድረው እኔ ነኛ።»

«አታድሪም። ከእኔ ጋር ነሽ።»

እናትየው ባለጋሻውን ከመቀመጫው አንስታ ኪሷ ከተተችው።

በሩ በጡጫ ተደበደበ። «ምንድን ነው የምትዶልቱት?» አለ አሰልጣኙ። «ሰውየው መጥቷል፣ ውጡ!» እናትየው በአጠገቡ ስታልፍ ክርኗን ጨብጦ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ኩሽና» አላት።

መርማሪው ረጅም፣ ቀሰስ ያለ ሰው ነው። ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋም ስኒ አጣቢ መስላ ከአካባቢው አልጠፋችም። አሰልጣኙ ወንበር ስቦ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠና ታሪኩን ጀመረ። ድምፁ እያነባ ነው የሚያወራው፤ እውነትም ያነባል። ሰው የገደለውን አያለቅስም ያለው ማነው?

«አንድዬ ወንድ ልጄን!» አለ። «ጌም ነው ያበላሸው፣ ጌታዬ። ቀን ከሌት ድብድብ። እጁን አነሳብኝ፣ ሰነዘረብኝ፣ ሳተና ወደቀ። እሷ ኩሽና ነበረች፤ ምንም አላየችም።»

መርማሪው ወደ እናትየው ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እናትየው ኪሷ ውስጥ ስትዳብስ ቆየች። ባለጋሻውን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ በእሷና በባሏ መሃል አቆመችው። ጀርባው ለእሷ፣ ፊቱ ለአሰልጣኙ ነበር።

«ኩሽና አልነበርኩም» አለች።

አሰልጣኙ ሳቀ። «አሻንጉሊት ይዛ ነው የምትመሰክረው? አብዳለች፣ ይተዋት።»

«አንድ እሁድ ጋብዘኸን አልነበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ በድንገት። ስኒውን አስቀመጠች። «ይሄንኑ አሻንጉሊት ስትገጥመው ነበር። 'አይማታም እኮ! እንዳንተው ፈሪ ነው፣ ስንት ጊዜ መታሁት አንዴ አልመለሰልኝም' ብለህ በሳቅ ፈረስክ። ከዚያ ያንን የሚጫወቱበትን ዕቃ የልጅህ ግንባር ላይ ወረወርከው። እኔም አብሬህ ሳቅኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንደ ጌታው ነው የሚዋጋው ያልከን አንተ ነህ። አንዴም የማይማታ ልጅ፣ ያን ቀን መማታት ከየት መጣለት?»

አሰልጣኙ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወንበሩ ከኋላው ተገነደሰ። ቀኝ እጁ ተጨብጧል፤ ዓይኑ ሚስቱ ላይ ነው።

«ይቀመጡ» አለ መርማሪው፣ እሱም እየተነሳ።

ሰውየው አልተቀመጠም። አንድ እርምጃ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ልጅቷ ወደ እናቷ ልትሮጥ ስትል እናትየው በመዳፏ ባለችበት አቆመቻት። ከዚያ ከመሃል ያቆመችውን ባለጋሻ አነሳችው። በአውራ ጣቷ አናቱን ዳበስ አደረገችውና ከኋላዋ፣ ከጀርባዋና ከወንበሩ መደገፊያ መሃል አስቀመጠችው። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«ይጻፉልኝ፣ ልናገር» አለች።