ባለ አንድ ኮከብ ሠንጠረዥ

“አገኘኋት!” አለ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በመዳፉ መትቶ። “ኮከቧን አየሻት?” ሲል የስታቲስቲክስ ባለሙያዋን ጠየቃት።

ስልሳ አራተኛው ሠንጠረዥ ነበር። የጥናት ቢሮው ሠራተኞች በሌለበት “ኮከብ ቆጣሪው” ይሉታል፤ ሲያንሰው ነው። ከስታቲስቲክስ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ከቁጥሩ ጎን ኮከብ ያየ ደንበኛ ደስ እንደሚለው ብቻ ነው።

የአሁኑ ደንበኛ የአንድ ክሊኒክ ዳይሬክተር ነው። የከሰዓት ፈረቃ ነርሶችን፣ አሥራ አንዱንም፣ ማባረር ፈልጓል፤ ቦርዱ ደግሞ ያለ ጥናት አልፈቅድም ብሎታል። ጥናቱም እምቢ አለ። ጠዋት ከታከሙት ሰባ አንድ በመቶው ረክተዋል፤ ከሰዓት ከታከሙት ስልሳ ስምንት። ኮከብ፣ ማለትም ልዩነቱ የአጋጣሚ አይመስልም የሚለው ምልክት፣ የለም። ሌሎች ታካሚዎች ቢጠየቁ ይህች ልዩነት ልትጠፋ፣ እንዲያውም ልትገለበጥ ትችላለች ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ባለሙያዋን ታካሚዎቹን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሰፈር፣ በትምህርት ደረጃ ሲያስከፋፍላት ዋለ። በመጨረሻ መነጽር የሚያደርጉ ሴቶች ላይ የከሰዓቱን ፈረቃ የምታሳጣ አንዲት ኮከብ ብቅ አለች።

“ጋሼ፣ ስልሳ አራት ጊዜ ከሞከርን እኮ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ ሦስት ያህል ኮከብ በአጋጣሚ ይወጣል” አለች ባለሙያዋ። “እኛ ያገኘነው አንድ ነው።”

“ታዲያ አንድ አነሰሽ?”

ድንቁርና ክራባት አሥሮ ሲንጎራደድ ማየት አንገሸገሻት።

“ባለ መነጽሮቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። በነሱ መልስ አሥራ አንድ ሰው ከሥራ ይባረር?”

“እኔ መቼ አባረርኩ? እኔ ሠንጠረዥ ነው የምሰጠው! ስልሳ ሦስቱን አጥፊና ይቺን ለቦርዱ ላኪ። ካሳፈረሽ ስምሽን ከሪፖርቱ ሽፋን አውጪው፤ ማን ያዘሽ?” ብሎ እያፏጨ ወጣ።

ባለሙያዋ ሽፋኑን ከፈተችና ስሟን ሰረዘች። ቀለል አላት። ወዲያው ያ መቅለሏ ራሱ አስጠላት፤ ከሥራ ለሚባረሩት ነርሶች የእሷ ስም ንጹሕ መሆን ምን ይፈይድላቸዋል?

ስሟን መልሳ ጻፈች። ከሠንጠረዡ ሥር በጉልህ ፊደል እንዲህ ስትል አከለችበት፦ “ይህ ውጤት የተገኘው ስልሳ አራት ሠንጠረዥ ተሞክሮ ነው። በስልሳ ሦስቱ በሁለቱ ፈረቃዎች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልታየም።” ስልሳ ሦስቱንም አባሪ አደረገች። ከዚያ ለቦርዱ አባላት በሙሉ ላከችው፤ ግልባጩንም ለሥራ አስኪያጁ።