ላባዋ የረገፈባት ወፍ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ግን እየመሃሉ «ከዚያስ? ከዚያስ?» የሚለኝ ልጅ ካለ አፌን እዘጋለሁ፣ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ሱሉልታ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሜዳ ዳር፣ ይገዙ የሚባል ንጉሥ ነበር። አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ልዕልት ዕድላዊት። እሷ ደግሞ አስማተኛ ወፍ ነበረቻት። ወፏ ስትዘምር የታመመ ይድናል፣ የተኳረፈ ይታረቃል። ችግሩ፣ ዕድላዊት በዋሸች ቁጥር የወፏ ላባ ይረግፋል። «እግሬን ታጥቤያለሁ» ብላ ስትዋሽ አንድ ላባ ጠብ። ምን ቸገራት፣ ወፏ እንደሆነ ላባ ሞልቷታል!

አንድ ቀን የሟች እናቷን የወርቅ ሐብል ደብቃ አጠለቀችና ሜዳው ላይ ከሚለማመዱት ሯጮች ጋር ልሩጥ ብላ ወጣች። ሐብሉ ሣር ውስጥ ወድቆ ጠፋ። ንጉሡ «ማን ወሰደው?» ብሎ ሲያጓራ፣ ምን አለች መሰላችሁ? «ተረፈች ትሆናለች።» ያሳደገቻት የቤት ሠራተኛ ላይ አላከከች! መቼም ዕቃ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰረው ሠራተኛ ላይ ነው፤ «እርግጠኛ ነሽ?» ያላት እንኳ የለም። ጎረቤት ሁሉ እያየ የተረፈችን ሻንጣ በረበሩ፣ «ሌባ!» ብለው አባረሯት። እሷም እያለቀሰች በሚኒባስ ወደ አገሯ ወደ ሰበታ ሄደች።

በማግስቱ ወፏ መለመላዋን ቀርታ ትንቀጠቀጣለች። ዕድላዊት ሹራብ ብታለብሳት፣ ካልሲ ብታጠልቅላት፣ ወይ ፍንክች! «ይቺን ውሸት ካልመለስሻት ውዬ አላድርም» አለች ወፏ በደከመ ድምፅ።

የልዕልቷ ፊት ፍም መሰለ። ወፏን ጃኬቷ ውስጥ ሸጉጣ ሚኒባስ ተሳፈረች። አዎ፣ ልዕልት በሚኒባስ! የአባቷን ሹፌር ምን ብላ «ውሰደኝ» ትበለው? አዲስ አበባ ወርዳ፣ ሌላ ተሳፍራ፣ ሰበታ ደረሰች።

ተረፈች ታክሲ መያዣው አጠገብ በቆሎ ትጠብሳለች። ዕድላዊት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «ተሬ፣ ሐብሉን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አለቻት። ጃኬቷን ገለጥ አድርጋ አየች። አንድ ላባ እንኳ የለም።

ተረፈች በቆሎዋን አገላበጠች። «አዪ ልጄ! በአደባባይ ሌባ አሰኝተሽኝ፣ ይቅርታው በሹክሹክታ?»

ዕድላዊት ዞር ብላ አየች፤ ረዳቱ፣ ተማሪው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወፏ ግን ዓይኗን መክደን ጀምራለች።

«ስሙኝ!» ብላ ጮኸች። «የእናቴን ሐብል ደብቄ የወሰድኩት እኔ ነኝ! የጣልኩትም እኔ ነኝ! ተረፈች ሌባ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ውሸታሟ!»

አንዱ ሳቀ። አንዷ፣ «ወይ ጉድ! የሰው ስም እንዲህ አጥፍታ!» አለች። ዕድላዊት አፈረች፣ በጣም አፈረች። ጃኬቷ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይኮረኩራታል። ላባ ነው!

«ተሬ፣ አብረን እንመለስ» አለች እያለቀሰች።

«እኔስ እዚሁ ነኝ። አንቺ ሂጂና ለአባትሽም፣ ለጎረቤቱም እንዲሁ ጮክ ብለሽ ንገሪ።» ትኩስ በቆሎ ግን አስያዘቻት።

ሚኒባስ ውስጥ ስትቀመጥ፣ ጩኸቷን የሰሙ አንዲት ሴትዮ ከአጠገቧ ነበሩ። ገልመጥ አደረጓትና ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። ዕድላዊት አየች። ያን ቀን ተረፈችም ከሱሉልታ ስትመጣ ሰው እንዲህ ቦርሳውን እየሳበባት ነበር ማለት ነው። ወፏ ከጃኬቷ ብቅ ብላ መዘመር ጀመረች፤ ዕድላዊት ግን በቆሎው እጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቀና አላለችም።