ነካ ነካ

እባቡ አንገቱን አጥፎ ቀና አለ።

እንዲህ አድርጎ አያውቅም ነበር። በቆልማማው ዘንግ ጀርባውን ነካ ነካ ስታደርገው ጭንቅላቱን ጥቅልሉ ውስጥ ሸጎጥ አድርጎ፣ ትምህርት እንደ ሰለቸው ተማሪ ለሽ ይል ነበር። ዛሬ ግን ዘንጉ ገና ሲያርፍበት ምላሱን እያወጣ እያስገባ፣ ዘንጉን ትቶ የያዘችበትን እጅ ተመለከተ።

እባቡ የሚኖርበትን ሣጥን መስተዋት ቀስ ብላ መለሰችው።

«ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?» አሉ አክስቷ። ወንበራቸውን በሩ ላይ አስደርገው፣ አንድ እግራቸውን ኮሪደሩ ላይ ትተው ነው የተቀመጡት፤ ነገር ከመጣ ለመሮጥ እንዲመቻቸው።

«አልፈራሁም አክስቴ። እጄን ልታጠብ ነው።»

«አሁን ታጥበሽ አልነበር? ሰው ለሠርጉ እንኳን እንዲህ አይታጠብም!»

መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ሳቀ። ሳቁ ግን አጭር ነበር።

ቤቱ የአክስታቸው ነው። ትናንት ራት ላይ ቁርጡን ተናግረዋል፤ ስታጸዳለት በዓይናቸው ያያሉ፣ ካልነከሳት ይኖራል፣ ከነከሳት ግን ሳይመሽ ከቤታቸው ይወጣል። «በዓይንዎ ይዩና ይፍረዱ» ብሎ ሐሳቡን ያመጣው ወንድሟ ነበር። የወገነላት መስሏት በጠረጴዛው ሥር እጁን ጨብጣ አመስግናዋለች።

ውሃው እጇ ላይ ሲፈስ ነገሩን ደጋግማ አሰበችው። ጎረቤት ቤት ለቆ ሲሄድ ጥሎት የሄደውን ይህን እባብ ተቀብላ ስታሳድግ፣ ከመነከስ ያዳናት አንድ ልማድ ነው። መርዝ የለውም፤ ጥርሱ ግን መርፌ ነው፣ አይጥንና የሰውን እጅም አይለይም። ስለዚህ ስታጸዳ አስቀድማ በዘንግ ትነካዋለች፤ ምግብ የለም ማለቷ ነው። ስታበላው በዘንግ አትነካውም፤ ወደ ሌላ የፕላስቲክ ሣጥን አዛውራ አይጡን እዚያ ታስቀምጥለታለች። የመነጽር መስተዋት ሞረዳ ልትሠለጥን ለሁለት ወር ሌላ ከተማ ስትሄድ ለወንድሟ ይህንኑ እዚሁ ክፍል ውስጥ አሳይታዋለች። እሱም እንደ መዝሙር አዚሞላታል፤ «ነካ ነካ ጽዳት ነው፣ ዝም ካልን ራት ነው! ገባኝ እቴቴ፣ ሂጂ በቃ።» እባቡን «ቀበቶ» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው።

ሰንፎ ይሆናል፣ አለች ለራሷ። ማዛወሩ ታክቶት ይሆናል። ልጅ ሳለም ካልሲውን እንኳን የምታወልቅለት እሷ ነበረች።

ተመልሳ በመስተዋቱ አሻግራ አየች። ከውሃው ሳህን አጠገብ፣ በእንጨቱ ፍቅፋቂ መሃል፣ ቁንጥር የምታህል ግራጫ የአይጥ ጸጉር ተሸጉጣለች።

«እዚሁ ውስጥ ነው እንዴ ስታበላው የከረምከው?» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ በጭራሽ! እንደነገርሽኝ ነው።»

«እየነካኸው?»

«እቴቴ ደግሞ! ምን ነካሽ ዛሬ?» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት፤ እባቡ ዘንጉን የራት ምልክት አድርጎ ተምሯል። የሰነፈ ሰው «ታከተኝ» ይላል፤ ዘንጉን አንስቶ፣ ሳይሰለች፣ ምግብ በሰጠ ቁጥር ነካ ነካ አያደርግም። እጮኛው እባብ ባለበት ቤት እግሬን አላስገባም ማለቷን ታውቃለች፤ ይህን ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል እንደሚፈልገውም ታውቃለች። ቢጠይቃት ኖሮ ትቆጣ ነበር፣ ታለቅስም ነበር፤ ከዚያ ሣጥኑን ራሷ ተሸክማ ትወጣለት ነበር። እሱ ግን የገዛ ምልክቷን ገልብጦ፣ እጇን ጥርስ እንዲጠብቀው አድርጎ፣ ወንበር ስቦ ሊያይ ተቀመጠ።

ዘንጉን አነሳችና ዘረጋችለት።

«እስቲ አንተ አጽዳለት።»

«እኔ? ፈተናው የአንቺ አይደል እንዴ!»

«ሁለት ወር አብራችሁ ከርማችኋል። አሁን ከእኔ ይልቅ አንተን ይለምድሃል።»

«እውነቷን ነው» አሉ አክስታቸው። «እንደ ድመት ሆነልኝ ስትል አልነበር? ተነሳ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ!»

ተነሳ። ዘንጉን ተቀበላት፣ መስተዋቱን ገፋ። ነካ አደረገው፤ በጣም በቀስታ፣ እንዳይሰማው የሚለምነው ይመስል። ቀበቶ ወዲያው ቀና አለ፤ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ በጉጉት ጠበቀ። የወንድሟ እጅ ሣጥኑ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ማጅራቱ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየችው።

«በል እንጂ» አሉ አክስታቸው።

«ይነክሰኛል» አለ።

«እኔንስ?»

አልዞረም። የአክስታቸው ዓይን ከእሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እሱ ይመላለስ ጀመር። ቀበቶ ፍቅፋቂውን እያንኮሻኮሸ፣ ወዳስለመደው እጅ ተሳበ።

እጁን ከዚያ መመለስ አልቻለም። ድሮ መንገድ ሲያሻግሩት መሃል ላይ እንደሚደርቀው፣ እንዲሁ ደርቆ ቀረ። እሷ ናት ቀስ ብላ የእጁን አንጓ ይዛ ወደ ኋላ የሳበችው፤ በሌላ እጇም መስተዋቱን ዘጋችው። የደም ሥሩ በጣቶቿ ሥር ይመታል፣ ይሮጣል። ልትለቀው አሰበች፤ ጣቶቿ ግን ገና እንደያዙት ነበሩ።